ባብል ቲ በጅማ፦ ዶቃ ያለበትን ሻይ እዚሁ መሥራት ይቻላል ወይ?

ባለ ጁስ ቤት (ቆጪ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር አነስተኛ ጁስ ቤት አለኝ። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ደራርበን፣ ሎሚ ጨምቀን፣ ጠብታ ቪምቶ ጣል አድርገን የምንሸጠውን ስፕሪስ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ገብተው ስልካቸውን ከፍተው የሚያሳዩኝ መጠጥ ሌላ ነው፤ ብርጭቆው ሥር ጥቋቁር ፍሬዎች የዘቀጡበት፣ ከላይ ወተት የገባበት ቀዝቃዛ ሻይ የሞላበት፣ እንደ ጣት በወፈረ ስትሮ የሚመጠጥ። «ባብል ቲ ለምን አትጀምርም?» የሚለኝ ሰው በሳምንት አራት አምስት ጊዜ አይጠፋም።

ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር ስትመጣ አንድ ከረጢት ደረቅ ፍሬ ይዛልኝ መጣች። ጽሑፉ በቻይንኛ በመሆኑ ማንበብ አልቻልኩም፤ እንደ ሽምብራ አስቀድሞ መዘፍዘፍ አለበት ብዬ ግማሹን ማታ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ፍሬ የሚባል ነገር የለም፤ ጎድጓዳው ሳህን ሥር ቡናማ ጭቃ ተኝቷል። የቀረውን ግማሽ የፈላ ውኃ ላይ ጨመርኩትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ለሰለሰ፣ ጠቆረ፣ አብረቀረቀ። አንዷን ሳኝካት መጀመሪያ የመጣልኝ የቡላ ገንፎ ነው፤ ያንኑ መሳሳብ፣ ያንኑ መንሸራተት ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይህ መጠጥ ከየት ተነስቶ ነው ዓለምን እንዲህ ያዳረሰው? ፍሬውን ከውጭ ሳላስመጣ በቡላ መሥራት እችላለሁ ወይ? የጅማ ሰውስ ገንዘብ ያወጣበታል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ጓንዡ ደርሶ መልስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ለመጀመሪያው ጥያቄ እኔ ልመልስ። ለንግድ ጓንዡ ስመላለስ ከመጠጡ ጋር ተዋወቅሁ፤ መነሻው ግን ታይዋን ነው። ስሙ እዚያ «ዠንዡ ናይቻ» ሲሆን ሉል ያለበት የወተት ሻይ ማለት ነው። ማን እንደ ጀመረው ሁለት ሻይ ቤቶች ተጣልተውበታል። በታይናን ከተማ ያለው የሃንሊን ሻይ ቤት ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ገበያ ላይ ነጫጭ የታፒዮካ (ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች) ፍሬዎች አይቶ ከሻይ ጋር እንዳዋሃዳቸው ይናገራል። የታይቹንጉ ቹን ሹይ ታንግ በበኩሉ፣ አንዲት ሠራተኛው እ.ኤ.አ. በ1988 ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ሳለ «ፈን ዩዋን» የተባለውን የታፒዮካ ጣፋጭ በረዶ ባለበት ሻይዋ ውስጥ ገልብጣ እንደ ጀመረችው ይተርካል። አሥር ዓመት ያህል ከተካሰሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ መጠጡ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ስላልሆነ ማንም ሊሠራው እንደሚችል፣ ቀዳሚው ማን ነው የሚለውንም መወሰን እንደማያስፈልግ ገለጸ። እንግዲህ እርስዎም ቆጪ ላይ ቢሠሩት የሚከስዎት የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ባብል» የተባለው ፍሬው ክብ ስለሆነ አይደለም፤ ሻዩ ከበረዶ ጋር በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ ከላይ የሚሠራው አረፋ ነው ስሙን ያወጣለት። ፍሬ ሳይገባበት በፊትም ቀዝቃዛውን ሻይ መናጥ ታይዋን ውስጥ ተጀምሮ ነበር።

ዓለምን ያዳረሰበት መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታይዋን ተወላጆች ወደ ካሊፎርኒያ ይዘውት ሄዱ፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያም በዚያው ዘመን ተስፋፋ። በኋላ የስም ኪራይ የሚሉት አሠራር መጣ፤ አንድ ኩባንያ ስሙን፣ ቅመሙንና ማሽኑን ይሰጥዎታል፣ እርስዎ ሱቁን ይከፍታሉ። ሌላው ጥበብ ደንበኛው ራሱ የሚያዝዝ መሆኑ ነው፤ ስኳሩ 100፣ 70፣ 50፣ 30 በመቶ ወይም ዜሮ፣ በረዶው ሙሉ ወይም ግማሽ እያለ ይመርጣል። ኩባያው አፍ ላይ ስስ ላስቲክ በማሽን ተጣብቆ ስለሚታሸግ በቦርሳ ተይዞም አይፈስም። ሲንጋፖር በወረርሽኙ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020፣ እነዚህን ሱቆች ልትዘጋ መሆኑን ባስታወቀችበት ምሽት ሕዝቡ ከመዘጋታቸው በፊት አንድ ኩባያ ለመግዛት ረጅም ሰልፍ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት በስልክ የምንላላከው የባብል ቲ ትንሽ ሥዕልም (ኢሞጂ) ጸደቀ። ሚሹዌ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ብቻ፣ ምንም እንኳ አይስክሬምና የሎሚ ጭማቂም የሚሸጥ ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ45,000 በላይ ሱቆች ነበሩት፤ ይህ ከማክዶናልድ ሱቆች ቁጥር ይበልጣል።

አባ ቡና
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብኩ። እኔ ቡና ተገኘባት ከምትባለው ከጮጬ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የሚመረቅ ሕዝብ ሻይ እያኘከ ሊውል ነው? የሚታኘክ ከሆነ ምግብ ነው፣ የሚጠጣ ከሆነ መጠጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ደግሞም የዛሬ ልጆች አንድ ነገር አይተው ይሮጣሉ፣ በዓመቱ ይረሱታል። ወንድማችን ጁስ ቤቱን ትቶ በዚህ ገንዘቡን እንዳያባክን እሰጋለሁ።

ሻይ ቅጠል (ቦንጋ)
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡05

አባ፣ ከአክብሮት ጋር አንድ ነገር ልበል። በማንኪያ የሚበላውን የአቮካዶ ስፕሪስ ጁስ ብለን ስንጠራ ማንም አልጠየቀንም፤ የተልባውንም ልጋግ እየዋጥን መጠጥ እንለዋለን። ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ቀላቅሎ «ስፕሪስ» ብሎ ማዘዝም የኛ ብቻ አይደለም፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ቡናና የወተት ሻይ ተቀላቅሎ «ዩንዮንግ» በሚል ስም ይሸጣል። ስለዚህ ቡናው ከዚህ ነገር ውጭ መሆን የለበትም።

እኔ የሻይ ነገር ይመለከተኛል። ለዚህ መጠጥ ከውጭ ሻይ ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ከቦንጋ አለፍ ብሎ ውሽውሽ፣ በጎሬ በኩል ደግሞ ጉመሮ የሚመረተው ጥቁር ሻይ ተቀጥቅጦና ተቆራርጦ እንደ ጥራጥሬ የሚወጣ ስለሆነ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፤ ወተትም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሻይ ነው። ቤት ውስጥ እንደምናፈላው ቀጭን ሻይ ከሠሩት ግን በረዶውና ወተቱ ገብተውበት የሻይ ሽታ ብቻ ያለው ውኃ ይሆናል። ለግማሽ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ቅጠል ጨምረው፣ ስምንት ደቂቃ ያህል አቆይተው፣ በወንፊት አጥልለው ያቀዝቅዙት። ቅርንፉድና ቀረፋ ቢጨምሩበት የኛ መልክ ይኖረዋል፤ ኮረሪማው ግን ትንሽ ይሁን፣ ከወተት ጋር ቶሎ ይገንናል።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ነገሩ የስታርች ጉዳይ ነው። ታፒዮካ ማለት ከካሳቫ ሥር ተጨምቆ፣ ዘቅጦ፣ የደረቀ ንጹሕ ስታርች ነው። ማንኛውም ስታርች ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለው፤ ቀጥ ያለው አሚሎስ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት ደግሞ አሚሎፔክቲን ይባላል። አሚሎስ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ይጠጥራል። ካሳቫ ውስጥ ይህ አሚሎስ አነስተኛ ስለሆነ ፍሬው ከበሰለ በኋላም ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲጫኑት የሚመለስ ሆኖ ይቆያል። የእንሰት ስታርች፣ ማለትም ቡላ፣ ከካሳቫ የበለጠ አሚሎስ ስላለው ትኩስ ሳለ ይሳሳባል፤ በረዶ ሲነካው ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራልም።

የዘፈዘፉት ፍሬ ለምን ጭቃ ሆነ? ጥሬው ፍሬ በአብዛኛው ያልበሰለ ስታርች በመሆኑ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ይፈርሳል። የፈላ ውኃ ላይ ሲጨመር ግን የውጭው ሽፋን ወዲያው ይበስልና የውስጡን አቅፎ ይይዘዋል። ሊጡ ሲለወስም ሕጉ ይኸው ነው፤ ስኳሩና ውኃው በደንብ እየተንተከተከ ካልፈሰሰበት ስታርቹ አይያያዝም። ለብ ባለ ውኃ ከሞከሩት በጣትዎ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ የሚጠጥር፣ ሲለቁት ደግሞ በጣቶችዎ መካከል የሚፈስ አስገራሚ ነገር ያገኛሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የበሰለውን ፍሬ ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡ። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር የሚደርቀው በምን ምክንያት ከሆነ ይህም በዚያው ምክንያት ይደርቃል። ሻይ ቤቶቹ ፍሬውን በሽሮፕ ውስጥ ለብ እንዳለ አቆይተው አራት ሰዓት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ የሚጨርሱት፣ የተረፈውንም የሚደፉት ለዚህ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማችን ፍሪጅ የማይፈልግ ነገር መገኘቱ እንደ ጸጋ ሊቆጠር ይገባዋል።

የሶዶ ልጅ (ጅማ ነዋሪ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ካሳቫ ለመፈለግ ባሕር ማዶ መሻገር ምን አመጣው? እኛ ዘንድ ወላይታ ውስጥ በየጓሮው አለ፤ «የእንጨት ቦዬ» የሚሉትም አሉ። (ጅማዎች ቦዬ ሲባል ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ረግረግ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ የኔው የሚበላው ነው።) አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ታፒዮካ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚያው ከቱፒ ሕዝብ ቋንቋ ነው።

ነገር ግን እንደ ድንች ልጦ ቀቅሎ መብላት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ካሳቫ፣ በተለይ መራራው ዓይነት፣ ሥሩ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ሲያናይድ የሚወጣበት ነገር አለው፤ በአግባቡ ካልተዘጋጀ ሰውን ይመርዛል። እናቴ የምታደርገውን ልንገራችሁ። ትልጠዋለች፣ በመፋቂያ ትፍቀዋለች፣ በብዙ ውኃ አሽታ በንጹሕ ጨርቅ ትጨምቀዋለች። ወተት የመሰለው ውኃ በባልዲ ሲያድር ስታርቹ ሥር ይዘቅጣል፤ ላይ ያለውን ውኃ ትደፋለች፣ አዲስ ውኃ ጨምራ በጥብጣ እንደገና ታዘቅጠዋለች። ሦስተኛው ላይ ነጩን አውጥታ በሰፌድ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። መርዙ አብሮ የሚሄደው ከሚደፋው ውኃ ጋር ስለሆነ ያንን ውኃ ለከብት እንኳ አትሰጥም። ቡላ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ እጅ የለመደው ሥራ ነው።

ፈቃድዎ ከሆነ በታርጫ በኩል በሚመጣው መኪና ሦስት ኪሎ ስታርች አስልክልዎታለሁ። ደርቆ የተፈጨውን የካሳቫ ዱቄት ግን አይግዙ፤ ቃጫው አብሮ ስላለ ፍሬው ሻካራ ይሆናል።

ነርሷ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ደስታችሁን ላደፈርስ አልመጣሁም፤ ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። መጀመሪያ ስኳሩ። ሻዩ ውስጥ ሁለት፣ ፍሬው የሚቀመጥበት ሽሮፕ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢያደርስ አንድ ብርጭቆ ላይ 37 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ፍሬው ራሱ ስታርች መሆኑን ሳልቆጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም የማይበልጥ፣ ቢቻል 25 ግራም ያህል የተጨመረ ስኳር ይመክራል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ትኩስ ተዘጋጅተው የሚሸጡ መጠጦችም በስኳራቸውና በስባቸው መጠን ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ደረጃ እንዲሰጣቸው አድርጋለች። እናንተም መጠኑን ደንበኛው ይምረጥ፤ ያልመረጠ ሰው ግን ግማሹን ያግኝ እንጂ ሙሉውን አይሰጠው።

ሁለተኛው ሕፃናት ናቸው። በወፍራም ስትሮ ሲመጠጥ ፍሬው ተወርውሮ ጉሮሮ ይገባል፤ የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ትንንሽ ልጆች ላይ ትንታና መታነቅ ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፍሬውን አትሽጡ፤ እናቱ ብትለምንም።

ሰላም ለሁሉም
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡15

በጾም ወቅት ይጠጣል? ሐላልነቱስ እንዴት ነው? ጅማ ውስጥ ሁለቱም መጠየቃቸው አይቀርም።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡40

ፍሬው ካሳቫና ስኳር ብቻ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ችግር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ላይ ነው። አንዳንድ ሱቆች የሚጨምሩት ጄሊ ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ሊኖረው ይችላል። «ወተት የሌለበት» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ኬዚኔት የተባለ የወተት ፕሮቲን ስላለበት ለጾመኛ አይሆንም። ለጾም የኦቾሎኒ ወተት ይሞክሩ፤ ወይም ያለ ወተት በሎሚ።

ባለ ጁስ ቤት (ቆጪ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁላችሁንም እያመሰገንሁ የሞከርሁትን ልንገራችሁ። የሶዶው ወንድሜ ስታርች እስኪደርስ ድረስ አላስቻለኝምና ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ ቡላ ገዛሁ። ቡናማ ስኳር ስላላገኘሁ ነጩን ስኳር በብረት ድስት አቃጥዬ ውኃ ጨመርኩበት፤ ሲንተከተክ ቡላው ላይ አፍስሼ በማማሰያ መታሁት፣ ከዚያ ሊጡ እጅ ሳያስነካ ትኩስ ሳለ ለወስኩት። እንደ ጣት አድቦልቡዬ፣ በቢላ ቆራርጬ፣ እያንዳንዷን በመዳፌ እያሽከረከርኩ ሰፌድ ላይ ደረደርኩ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ «ዶቃ እየሠራህ ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ስም የለውም።

ሲቀቀል ግሩም ነበር፤ ተንሳፈፈ፣ አልፈረሰም። ትኩሱን ስንበላው ሁላችን ወደድነው። በረዶ ያለበት ሻይ ውስጥ ከገባ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ግን ተማሪው እንዳለው ደረቀ፤ ሲነከስ ለሁለት ይከፈላል፣ ውስጡ እንደ ባቄላ ዱቄታም ሆኗል። ቅዳሜ የካሳቫው ስታርች ደረሰ። በእሱ ብቻ የሠራሁት የአክስቴን ልጅ ፍሬ የሚስተካከል ሆነ። ሦስት እጅ ካሳቫ ከአንድ እጅ ቡላ ጋር የቀላቀልኩት ደግሞ ደብዘዝ ያለ መልክ ቢኖረውም በረዶው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ልስላሴውን ጠበቀ፤ ቡላውም የራሱን ጠረን ትቶበታል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሚስቴ ግን አልተስማማችም፤ ጠረኑ ከሻዩ ጋር ይጣላል ትላለች።

አባ ቡና
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ትጋትህን ወድጄዋለሁ፤ ጥያቄዬን ግን የመለሰልኝ የለም። ፋሽን ሆኖ ሲያልፍ ምን ልታደርግ ነው?

ጓንዡ ደርሶ መልስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡00

ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ምሳሌም አለው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሱቆቹ በየመንገዱ ፈልተው ነበር። በ2012 ግን ፍሬው ውስጥ ጎጂ ኬሚካል ተገኘ የሚል ዜና ወጣና፣ ነገሩ በኋላ ባይረጋገጥም፣ ደንበኛው ሸሽቶ አብዛኞቹ ተዘጉ። ዓመታት አልፈው አሁን እንደገና ተመልሷል። የወደቁት በአብዛኛው ባብል ቲ ብቻ የሚሸጡ፣ ለስም ኪራይና ለማሽን የተበደሩ ናቸው። ወንድማችን ደግሞ ጁስ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ብርጭቆውም በረዶውም ወተቱም ቀድሞ አለው። የጨመረው ድስትና ሰፌድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የመርከብ ጭነት ሲዘገይ አሜሪካ ያሉ ሱቆች ፍሬ አጥተው ነበር፤ የእሱ ግን የሚመጣው በታርጫ መንገድ ነው፤ መንገዱ ካልተናደ በቀር አይቋረጥበትም።

ባለ ጁስ ቤት (ቆጪ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

የቀረኝ ችግር ስትሮው ነበር። እዚሁ የጅማን መርካቶ ዞሬ ፍሬው የሚያልፍበት ወፍራም ስትሮ አላገኘሁም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል ዋጋው ከሻዩ ሊበልጥ ነው። ታይዋን ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በብዙ ተቋማት ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠጣ ሰው የፕላስቲክ ስትሮ መስጠት እንደከለከለች ካነበብኩ በኋላ ፍለጋውን ተውኩት። ስፕሪስ የምናቀርብበትን ረጅም ብርጭቆና ረጅም ማንኪያ ሰጠኋቸው፤ ዶቃውን በማንኪያ ይበሉታል፣ ሻዩን ከብርጭቆው ይጠጡታል። ነርሷ እህቴም በዚህ የምትደሰት ይመስለኛል።

ዛሬ ለሙከራ ሃያ ብርጭቆ በስፕሪስ ዋጋ አውጥቼ አሥራ ሰባቱ ተሸጠ። ሁለት ልጆች ፎቶ አንስተው ስትሮ ስለሌለው «ይህማ አይደለም» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ። ከሃያው አምስቱን ሻይና ቡና አጋምሼ ነበር የሠራሁት፤ መጀመሪያ ያለቁት እነሱ ናቸው። አባ፣ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ እንደገና ስለምሠራ በአካል መጥተው ቢቀምሱልኝ ደስ ይለኛል።

አባ ቡና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ማንኪያ ካለው እመጣለሁ። ቡናው ግን በጀበና ይፈላ፤ ስኳሩንም ነርሷ እንዳለችው አድርገው።